አያትንም ሕፃንንም ይዞ ወደ አዳኞች ጨረቃ ድግስ፦ የጉዞ መመሪያ

በአሜሪካ ኢንዲያና ስቴት፣ ከላፋዬት ከተማ ጥቂት ማይል ወጣ ብሎ፣ ዋባሽ የሚባል ወንዝ ዳር በየዓመቱ የሁለት ቀን ድግስ ይደረጋል። ጊዜው የሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም የኦክቶበር መግቢያ ነው፤ በእኛ መስቀል ሰሞን። እንግሊዝኛ ስሙ «ፊስት ኦቭ ዘ ሀንተርስ ሙን» ነው፤ የአዳኞች ጨረቃ ድግስ እንበለው። የሚያሰናዳው የቲፒካኑ አውራጃ የታሪክ ማኅበር ሲሆን የተጀመረው በ1968 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሚታየውም የ1700ዎቹ አጋማሽ የጠረፍ ኑሮ ነው፦ ፈረንሳውያን የቆዳ ነጋዴዎችና የአገሩ ነባር ሕዝቦች መከር ሲደርስ እዚሁ ወንዝ ዳር ተገናኝተው ሲገበያዩ፣ ሲበሉ፣ ሲጨፍሩ።

ሙዚየም ውስጥ መስታወት ተከልሎበት የሚታየው ዕቃ እዚህ ሥራ ላይ ነው። ድስቱ እሳት ላይ ተጥዷል፣ ብረቱ ይቀጠቀጣል፣ ጠጉሩ ይፈተላል። በዚያ በ1700ዎቹ ዘመን ልብስ የምታዩዋቸው ሰዎች ብዙዎቹ በፍላጎታቸው የመጡ፣ ልብሳቸውን በእጃቸው የሰፉ፣ ስለ ሥራቸው ከተጠየቁ ሰዓት የማይቆጥሩ ናቸው።

ብዙው የአበሻ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ቦታ የሚሄደው «ለልጆቹ» ብሎ ነው። ከአገር ቤት ሊጠይቁ የመጡት እናትና አባት «እግራቸው ይደክማል፣ እንግሊዝኛውም አይገባቸውም» ተብለው ቴሌቪዥን ፊት ይቀራሉ። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ከሚታየው ሥራ ግማሹን በእጃቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ቀኑን በእማማ ልክ የሚሰፋ ነው። ለእሳቸው የተመቸ ውሎ ለሁለት ዓመቱ ሕፃንም ይመቻል።

1. ቀኑን መምረጥና ትኬት መግዛት

ቀኑ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣልና አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሆነ የረቡዕና የዓርብ ጾም አይነካውም። ደመራና መስቀል አንዳንድ ዓመት እዚያው ላይ ስለሚወድቁ ግን የሁለቱን አገር የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። እሑድ ቅዳሴ ለሚያስቀድስ ቤተሰብ ቅዳሜ ይሻላል፤ ድካሙንም እሑድ ከሰዓት ተኝቶ መወጣት ይቻላል።

ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት በር ላይ ከመግዛት ይረክሳል፤ ከሰልፍም ያድናል። ውሻ አይገባም።

ቦታው የወንዝ ዳር ረባዳ ነው። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ደረቅ ከሆነ ደግሞ አቧራውና ጭሱ አለ። አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ መኪና ውስጥ የተተወ መድኃኒት እንደሌለ ነው።

2. መንገዱ

ከኢንዲያናፖሊስ በኢንተርስቴት 65 ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ያስነዳል። ከቺካጎ የሚመጣ በዚያው በ65 ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ገደማ ይነዳል፤ ግን ላፋዬት በምሥራቅ ሰዓት ስለምትሄድ የቺካጎ ሰው አንድ ሰዓት ይከስራል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከቺካጎ ብትነሡ ስትደርሱ በላፋዬት ሰዓት 4 ሰዓት ነው። ይህን ሳያስቡ የሚነሡ ሰዎች ቀትር ላይ፣ ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የምግቡ ሰልፍ ተጠማዞ ይደርሳሉ።

ወደ በዓሉ ሜዳ የሚወስደው የወንዝ ዳር መንገድ ጠባብ ስለሆነ የማመላለሻ አውቶቡስ ይመደባል። ከየት እንደሚነሣና የመኪና ማቆሚያው የት እንደሆነ የዚያን ዓመት ማስታወቂያ እዩ። በእግር መሄድ የሚከብዳቸው ሽማግሌ ካሉ አስቀድማችሁ ለአዘጋጆቹ ጻፉ፤ በር አጠገብ ማውረጃ መኖሩንና ተሽከርካሪ ወንበር ይገፋ እንደሆነ ጠይቁ። ሣሩ ላይ ጎማ ይከብዳል።

በነገራችን ላይ ከላፋዬት በወንዙ ማዶ ያለችው ዌስት ላፋዬት የፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የሠሩት እዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የደረሰ ልጅ ካላችሁ በማግስቱ ግቢውን አዙራችሁ አሳዩት፤ አንድ ጉዞ ለሁለት ጉዳይ።

3. ዋዜማ ማታ ታሪኩን መንገር

ይህን አትዝለሉት። ታሪኩን ያልሰማ ልጅ ሜዳው ላይ የሚያየው ጭስና ጠመንጃ ብቻ ነው። ካውቦይ ፊልም ያየ ልጅ ደግሞ ፈረስና ኮፍያ ሲጠብቅ ይውላል። የእኛም አባቶች «ጠረፍ» ሲባል የሚታያቸው ያው ካውቦዩ ነው። የዚህኛው ጠረፍ ሌላ ነው፦ ዘመኑ ከካውቦይ አንድ መቶ ዓመት የሚቀድም፣ አገሩ ደንና ወንዝ፣ መጓጓዣው ታንኳ፣ ንግዱ ቆዳ።

እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው። በ1717፣ ካናዳ በፈረንሳይ እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ ፍራንስዋ ማሪ ፒኮቴ ደ ቤለስትር የሚባል መኮንን ጥቂት ወታደሮችና አንድ ብረት ቀጥቃጭ ይዞ ዋባሽ ወንዝ ዳር መጣ፤ ፎርት ዊያተኖን የተባለውንም ምሽግ አሠራ። ወንዙን ተሻግሮ የዊያ ሕዝብ መንደር ነበር። ፈረንሳዮቹ መሬቱን ለማረስ አልመጡም፤ የቢቨር (ወንዝ ውስጥ የሚኖር ጠጉራም እንስሳ ነው) እና የአጋዘን ቆዳ ፈልገው ነው። በምላሹ የሚያመጡት ብርድ ልብስ፣ የመዳብ ድስት፣ መጥረቢያ፣ ጠመንጃ፣ ባሩድና ጨሌ ነበር። ቀጥቃጩ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተሰበረ ጠመንጃና የዶለዶመ መጥረቢያ የሚጠግን ሰው ከሌለ ንግዱ አይዘልቅም። ከነጋዴዎቹ ብዙዎች የአገሩን ሴቶች አግብተው፣ ቋንቋቸውን ለምደው፣ ዘመድ ሆነው ኖሩ።

ከዚያ ፈረንሳይ በጦርነት ተሸነፈችና በ1761 እንግሊዞች ምሽጉን ያዙት። በ1763፣ የኦዳዋ ሕዝብ አለቃ በነበረው በፖንቲያክ ስም በሚጠራው የነባር ሕዝቦች አመፅ ጊዜ፣ ዊያዎች ከኪካፑና ከማስኩተን ሕዝቦች ጋር ሆነው እንግሊዞቹን ያለ አንድ ጥይት ማረኳቸው። ልጆች ይህን ክፍል ይወዱታል። ቀጥሎ ያለውንም ግን አትደብቋቸው፦ በ1791፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዝዳንት ሳሉ፣ በጄኔራል ቻርልስ ስኮት የሚመራ የኬንታኪ ጦር መጥቶ የዊያን መንደሮች አቃጠለ። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ተገፋ። ከዘሮቻቸው ብዙዎቹ ዛሬ ኦክላሆማ ውስጥ በፒዮሪያ ነገድ ሥር ይኖራሉ። ይኖራሉ የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ተናገሩ፤ «ድሮ የነበሩ ሰዎች» ብሎ የሚያስብ ልጅ በማግስቱ ጭፈራው ዘንድ ያፍራል።

4. ምን ይያዝ

ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ይሞቃል፣ ስለዚህ የሚደረብና የሚወልቅ ልብስ። የተሸፈነ ጫማ። የሀበሻ ቀሚስ መልበስ የምትፈልጉ ካላችሁ ማንም አይከለክላችሁም፤ ግን በየጥጉ ክፍት እሳት አለና ነጠላና ዘርፋማ ጋቢ ቤት ይቅር። የዚያን ዘመን ልብስ የለበሱት ሴቶች ራሳቸው ቀሚሳቸው እሳት እንዳይነካው ሰብሰብ አድርገው ነው የሚያበስሉት፤ ልብ ብላችሁ እዩዋቸው።

ታጣፊ በርጩማ ወይም ቀላል ወንበር ያዙ። ከዕቃ ሁሉ ይህን አስቀድሙ። እማማ በፈለጉት ድንኳን ፊት መቀመጥ ከቻሉ ቀኑን ሙሉ ይውላሉ፤ መቀመጫ ካጡ ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ «እንሂድ» ይመጣል፤ ጥፋቱም የእሳቸው አይደለም።

የሕፃን ጋሪ ጭቃና ገለባ ላይ ይያዛል። አንቀልባ ያላት እናት ወይም አያት በዚህ ሜዳ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የተመቻት ናት፤ በዘመኑ ልብስ ያሉት ሴቶችም መጥተው አስተሳሰሩን ሳይጠይቁ አይቀሩም።

ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ ዝርዝር። ውኃ። እርጥብ መጥረጊያ። የጆሮ መድፈኛ (ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ)። ቡና የለመዱ እናት ካሉ ቴርሞስ። ለትንንሾቹ የስልክ ቁጥራችሁን ክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ።

5. ሲገቡ

የዕለቱን ፕሮግራም የያዘ ወረቀት ውሰዱና አንድ ቦታ ተቀመጡ። አሥር ነገር ለማየት አትሩጡ። የተወሰነ ሰዓት ካላቸው ነገሮች ሦስቱን ምረጡ፤ ለምሳሌ የታንኳዎቹን መድረስ፣ አንድ ጭፈራ፣ አንድ የከበሮና የዋሽንት ሰልፍ። የቀረው ጊዜ ለእጅ ሥራው ይሁን።

ሜዳው መሃል ከግንድ የተሠራ ትልቅ የምሽግ ቤት ታያላችሁ። ቢጠፋፉ የሚገናኙበት ቦታ እሱ ይሁን፤ ከሩቅ ይታያል። ለልጆች ግን ስታሳዩ የ1717ቱ ምሽግ ነው አትበሉ። እሱ በ1930 አንድ የአካባቢው ሐኪም ያሠሩት ነው። እውነተኛው ምሽግ የነበረበትን ቦታ የቁፋሮ ባለሙያዎች ያገኙት በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ከዚህ አንድ ማይል ያህል በወንዙ ቁልቁል ራቅ ብሎ ነው።

ታንኳዎቹ ሲደርሱ ወንዙ ዳር አስቀድማችሁ ቦታ ያዙ። ቮያዠር የሚባሉት ቀዛፊዎች እየዘፈኑ ነው የሚመጡት፤ ዘፈኑ መቅዘፊያውን እኩል ለማንሣት ነበር የሚያገለግለው። የቆዳው እስር እያንዳንዱ 40 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ከወንዝ ወደ ወንዝ በየብስ ሲሻገሩ አንዱ ሰው ሁለት እስር በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ማሰሪያው ግንባር ላይ ያርፋል። ተሸክመው ያደጉ እናት ይህን ሲሰሙ የሚሉት አላቸው፤ አስተርጉሙላቸው።

6. የእጅ ሥራው ዘንድ

እዚህ ነው ቀኑን መዋል። ልጆቹን አስተርጓሚ አድርጓቸው። እንግሊዝኛው የእነሱ ነው፣ እውቀቱ የአያታቸው፤ በመሃል ሁለቱም ይሠራሉ። አማርኛ መናገር የሚያሳፍረው የአሥር ዓመት ልጅ እንኳ «እንዝርት» ማለት ምን እንደሆነ ለፈትል ሠሪዋ ለማስረዳት ሲል ይናገራል።

ከፈታዮቹ ጀምሩ። የበግ ጠጉር የሽቦ ጥርስ ባላቸው ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል ይበጠራል። የእኛ ጥጥ ግን ተዳምጦ ፍሬው ከወጣ በኋላ በደጋን ተነድፎ ነው ባዘቶ የሚሆነው። ከዚያ ወዲያ ሥራው አንድ ነው፦ መሳብ፣ ማክረር፣ መጠቅለል። አንዳንዷ በእግር የሚረገጥ መንኮራኩር ይዛለች፣ አንዳንዷ በእጅ የሚሽከረከር እንዝርት። እማማ እንዝርቱን ለመሞከር ከፈለጉ ልጁ ይጠይቅላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ «ደስ ይለኛል» ብለው ነው የሚሰጡት። የመንዝ ሰው ቤተሰባችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ ስለ ባናና ስለ በርኖስ ይንገራቸው። ከበግ ጠጉር የሚሠራ ልብስ የአውሮፓ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ወደ ቀጥቃጩ ሂዱ። ወናፉን፣ መስፉን፣ ጉጠቱን፣ መዶሻውን ለልጆች በስም ጥሩላቸው። ብረቱን በቀለሙ እንዲከታተሉ ንገሯቸው፦ ሲግል መጀመሪያ ፍም ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ቢጫ፤ ነጭ ሆኖ የእሳት ብልጭታ ከተፋ ብረቱ ራሱ መቃጠል ጀምሯል። ቀጥቃጩ ቀለሙን ለማየት ጥላ ውስጥ መሥራት ይወዳል፤ ስለዚህ ብርሃኑን ከልላችሁ ብትቆሙ አይቆጣም፣ ፊቱ ከቆማችሁ ግን ፍንጣሪው ያገኛችኋል። ሌላም የሚነሣ ነገር አለ። እኛ አገር ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን በሥራው ሲንቁት፣ «ቡዳ» ሲሉት የኖረ ሕዝብ ነን። ይህ ሰው ዙሪያውን በአድናቆት ተከቦ ሲሠራ ያየ ልጅ ጥያቄ ያመጣል፤ አያት ካሉ መልሱን ለእሳቸው ተዉት፣ አትከልክሏቸው።

ቆዳ የሚያለፉትን ፈልጉ። ሽታው ይመራችኋል። የነባር ሕዝቦቹ ዘዴ ልጆችን ያስደነግጣል፦ ፀጉሩ ተፍቆ የወጣው ቆዳ በእንስሳው በራሱ ጭንቅላት አንጎል ይታሻል፣ ይጎተታል፣ ይለፋል፤ በመጨረሻም ዝናብ ከመታው በኋላ ድርቅ ብሎ እንዳይቀር በጭስ ይታጠናል። ያ ቡናማ መልክና የጭስ ሽታ ከዚህ የመጣ ነው። የታጠነ ቆዳና ያልታጠነ ቆዳ ጎን ለጎን ካላቸው በእጅ ዳስሳችሁ ለዩ።

ሻማ የሚነክሩት ዘንድ ትንንሾቹ ራሳቸው ይሠራሉ። ፈትሉ የቀለጠ ሰም ውስጥ ይነከራል፣ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይነከራል። ቤተ ክርስቲያን ጧፍ የያዘ ልጅ ነገሩን ወዲያው ያገኘዋል። በዘመኑ ሰም ውድ ስለነበር ድኃው በሞራ ነው የሚነክረው፤ ሞራው ይሸታል፣ ያጨሳል፣ አይጥም ይበላዋል።

እሳት የሚጭሩት ሰዎች ዘንድ ደግሞ ታገሡ። ባልጩትና ብረት ይጋጫሉ፣ ብልጭታው የሚያርፈው አየር ሳያገኝ በከሰለ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፣ ጨርቁ ይግላል፣ በደረቅ ቃጫ ተጠቅልሎ ይነፋል። ብዙ ልጅ ብልጭታው ራሱ የሚነድ ይመስለዋል፤ ምሥጢሩ ያለው የከሰለው ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁ እንዴት እንደሚዘጋጅ ይጠይቁ፦ ክዳኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ተከቶ እሳት ላይ ይቀመጣል።

ጥያቄ ያጣ ልጅ ካለ እነዚህን ስጡት፦ ይህን ማን አስተማረህ? ስንት ጊዜ ይፈጃል? ቢበላሽስ ምን ታደርጋለህ? ክረምት ሲገባ ምን ትበላላችሁ? «ይህ እውነተኛ እሳት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሰሙት የዋሉት ነው፤ ይቅርባቸው።

አንድ ነገር ሳይጠየቅ አይነካም። ብርድ ልብስ ላይ የተዘረጋው ዕቃ የሚሸጥ ሊሆን ይችላል፣ የአንድ ሰው የግል ንብረትም ሊሆን ይችላል። ድንኳን ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ የሰው ቤት ነው፤ ብዙዎቹ እዚያው ያድራሉ።

7. ጠመንጃና መድፍ

ጥይት የለውም፣ ባሩድ ብቻ ነው። ድምፁ ግን እውነተኛ ነው፤ የመድፉ ደግሞ ደረት ይመታል። ከጦርነት የተረፈ፣ ወይም ከተማው ሲደበደብ ያየ ሰው በቤተሰባችሁ ውስጥ ካለ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት። በየፕሮግራሙ ላይ የተኩሱ ሰዓት ተጽፏል፤ በዚያ ሰዓት ወደ ሌላኛው የሜዳው ጫፍ ሂዱ፣ ወይም የጆሮ መድፈኛ አድርጉ። «ጨዋታ ነው፣ ምን አስፈራሽ» ማለት አይረዳም። ሕፃናትም እንደዚሁ።

ማየት ለሚፈልግ፦ የባልጩት ጠመንጃ አጎራረስ ስንት እርምጃ እንዳለው ልጆች ይቁጠሩ። ባሩድ በማቀጣጠያው ሳህን ላይ ይደረጋል፣ ቀሪው በአፈሙዝ ይፈስሳል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ቃታው ይሳባል። የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይተኩሳል፤ ዝናብ ከዘነበ ላይተኮስም ይችላል።

8. ምሳ

ከ6 ሰዓት በፊት ብሉ። ከቀትር በኋላ ያለው ሰልፍ ግማሽ ቀን ይበላል። ምግቡ የሚዘጋጀው እሳት ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ሻጮች የአካባቢው ቤተ ክርስቲያኖች፣ የስካውት ቡድኖችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት ናቸው፣ ገቢውም ለሥራቸው ይውላል። ስለዚህ ዋጋ አትከራከሩ፤ ይህ መርካቶ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፦ ምን ይበላል? ዐሣማ በየድንኳኑ አለ፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ስለሆነ የማይበላው ከመካከላችን ብዙ ነው። የጥንቸል ወጥ የሚያቀርቡም አሉ። ኦሪቱን ለሚጠብቅ ሰው ጥንቸል አይሆንም፤ ሰኮናው የተሰነጠቀ አይደለም። የጎሽ ሥጋ ግን (የአሜሪካው ጎሽ ማለቴ ነው) ሌላ ነው። ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ በዚያ ሕግ ከበሬ አይለይም። የሚቀረው የአራጁ ጉዳይ ነው። በክርስቲያን ወይም በሙስሊም ስም የታረደ ለሚፈልግ እዚያ ዋስትና የሚሰጥ የለም፤ ስለዚህ ያለ ሥጋ ውሎ ይታሰብ።

ያለ ሥጋም አይራብም። እሳት ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት አለ፤ ክረምት ሲወጣ መንገድ ዳር የበላነው ያው እሸት ነው፣ ቅቤ ከመቀባቱ በቀር። ክሮኪኞል የሚባል የፈረንሳይ ሊጥ ጥብስ አለ፤ ቦምቦሊኖ የሚወድ ልጅ ሁለት ይበላል። የሚጠበስበት ግን የአትክልት ዘይት ይሁን የዐሣማ ስብ፣ ሾርባውም የአጥንት መረቅ ይሁን ውኃ፣ በየድንኳኑ ጠይቁ። ጥያቄው የተለመደ ነው፣ አይከፋቸውም። ስኳር ሕመም ላለባቸውና ሰዓት ለማይጠብቁ ሕፃናት ቆሎ በኪስ ይያዝ።

9. ጭፈራውና የነባር ሕዝቦቹ ስፍራ

ከልጅነታችን የለመድነው «ቀይ ሕንዶች» የሚል አጠራር አለ፤ እዚያ አይባልም። ዊያ፣ ማያሚ፣ ኪካፑ፣ ፖታዋቶሚ ብሎ በሕዝቡ ስም መጥራት ከሁሉ ይሻላል። የጨፋሪዎቹ ልብስ የድግስ አልባሳት አይደለም፤ ከላባው ከጨሌው ብዙው ከአያት የወረደ ወይም በዘመድ የተሠራ ነው። አይነካም። ፎቶ ከማንሣት በፊት ይጠየቃል። አስተዋዋቂው ተነሡ ሲል ተነሡ፣ ይህን አትቅረጹ ሲል ስልኩን አውርዱ። ታቦት ሲወጣ ምን እንደምናደርግ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም።

ክበብ ሠርታችሁ ግቡ ተብሎ ሕዝቡ የሚጋበዝበት ጭፈራ ካለ ግቡ። አረማመዱ ቀላል ነው። ትከሻ መምታት የጀመረ አጎት ካለ ብቻ ቀስ ብላችሁ ያዙት።

10. ግዢና መውጫ

የእንጨት መጫወቻ ጠመንጃ፣ የጎማ ቢላ፣ ቀስት፣ ትንሽ መጥረቢያ፤ ልጆች የሚያለቅሱት ለእነዚህ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት፤ የገዛችሁ እንደሆነ ደግሞ እሑድ ማታ የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን ፈትሹ። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች መጫወቻም ቢሆን መሣሪያ የሚመስል ነገር ቦርሳ ውስጥ ሲያገኙ ቀልድ አያውቁም፤ ልጁን ማገድ ድረስ ይሄዳል፣ እንግሊዝኛው የማያመች ወላጅም ቢሮ ተጠርቶ ይቆማል። የሸክላ ፉጨት፣ ጨሌ፣ ከቀጥቃጩ የተገዛ መንጠቆ ወይም ምስማር፣ ራሳቸው የነከሩት ሻማ ይሻላሉ። ለእማማ ደግሞ የጠጉር ፈትል ግዙላቸው፤ እቤት እንዝርት ካለ ጥሬውን ጠጉር።

መዝጊያው ሰዓት እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አውቶቡሱ ይጎርፋል፣ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ ከባድ ነው። ከመዘጋቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ውጡ። ልብሱ ሁሉ ጭስ ጭስ ስለሚል መኪና ውስጥ የሚቀየር ልብስና አንድ ትልቅ ፌስታል አዘጋጁ፤ ጭቃ የነካውን ጫማ ወደ ፌስታሉ ክተቱ። የቺካጎ ሰዎች፣ የከሰራችሁት አንድ ሰዓት ስትመለሱ ይመለስላችኋል፤ ራት ደርሳችሁ ቤት መብላት ትችላላችሁ።